ደመወዝ ትታችሁ አክሲዮን ለመያዝ ላሰባችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣቶች የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ «የትኛው መሥሪያ ቤት ይሻላል?» ይሉኝ ነበር። አሁን ግን «ጓደኞቼ አዲስ ኩባንያ እያቋቋሙ ነው፤ ለጊዜው ደመወዝ የለም፤ አክሲዮን ግን ይሰጡኛል፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል። ሥራው ከመገናኛ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ እኔም ዕድሜዬን በቴሌ መስመር ላይ ስለፈጀሁ፣ መልሱን የማውቅ ይመስላቸዋል። እስካሁን በስልክ አጭር መልስ ስሰጥ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን በረጅሙ ልጻፍላችሁና በአንድ ሰው ታሪክ ላስደግፈው። ሰውየው ኤዝራ ኮርኔል ይባላል።

ስሙን በአሜሪካ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስም አድርጋችሁ ታውቁት ይሆናል። ሥራውን ግን ከዚያ አብልጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ገንዘብ ሲልክላችሁ ባንክ ቤት ገብታችሁ ቁጥራችሁን እየያዛችሁ የተሰለፋችሁበት ዌስተርን ዩኒየን፣ መጀመሪያ የቴሌግራፍ፣ ማለትም በሽቦ ላይ በኤሌክትሪክ ምልክት መልእክት የሚያስተላልፍ፣ ኩባንያ ነበር። በ1856 ይህን ስም እንዲይዝ ያደረገው ኮርኔል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኩባንያው በቴሌግራፍ ገንዘብ ማስተላለፍ የጀመረው በ1871 ሲሆን፣ ቴሌግራም መላክ ያቆመው ደግሞ በ2006 ነው። ማለትም እናቶቻችን ከልጆቻቸው የሚላክላቸውን ገንዘብ የሚቀበሉበት መስኮት፣ አንድ አናጢ ምሰሶ እየተከለ የዘረጋው ሽቦ ርዝራዥ ነው።

አዎ፣ አናጢ ነበር። በ1807 ዛሬ የኒው ዮርክ ከተማ አካል በሆነው ብሮንክስ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ኩዌከር የሚባል የክርስትና ወገን ተከታዮች ነበሩ፤ አባቱ ሸክላ ሠሪ ነው። ከ11 ልጆች የመጀመሪያው ስለነበር ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት በእጁ ሠራ። በ1828 ኢታካ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሥራ ፍለጋ ሄደ። በአናጢነት፣ ቀጥሎ በጥጥ ፋብሪካ መካኒክነት፣ ከዚያም በአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ዘንድ ተቀጥሮ ሠራ። ለወፍጮው ውኃ ለማምጣት በፎል ክሪክ ገደል ላይ ዐለት በባሩድ እያፈነዳ ዋሻ ቀደደ። መሐንዲስ የሚል ወረቀት አልነበረውም።

በ1831 ሜሪ አን ዉድን አገባ። እርሷ ኩዌከር አልነበረችምና ማኅበረ ምእመናኑ አገለሉት። ከእምነቱ ውጭ በማግባቱ ይቅርታ ቢጠይቅ ሊመልሱት ፈቃደኛ ነበሩ፤ እርሱ ግን የትዳር ጓደኛ መምረጥ የሰው ደስታ የሚወሰንበት ከባድ ጉዳይ እንደሆነ አስረድቶ ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ። ይህን የማነሳው ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። ለዚህች ሴት ሲል የተወለደበትን ማኅበር ያጣው ሰው፣ በኋላ ምን ያህል እንዳሸከማት ስታዩ ሁለቱን አንድ ላይ እንድትመዝኑት ነው።

በ1837 የተነሳው የገንዘብ ቀውስ ኢታካንም መታት። ወፍጮ ቤቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባለቤቱ እጅ አልቆየም፤ ኮርኔል ሥራ አጥ ሆነ። ያኔ የልጆች አባት ነው። አንድ አዲስ ዓይነት ማረሻ በሜይንና በጆርጂያ ክፍላተ ሀገር የመሸጥ መብት ገዛና ለገበሬ ማረሻ ለማስተዋወቅ ከቤቱ ወጣ። የጉዞ ገንዘብ ስላነሰው ከኢታካ እስከ አልባኒ ያለውን 160 ማይል ያህል በእግሩ ሄዷል። ሜይን ውስጥ የገበሬዎች ጋዜጣ የሚያሳትም፣ የቀድሞ የምክር ቤት አባል የነበረ ኤፍ. ኦ. ጄ. ስሚዝ የሚባል ሰው ያውቅ ነበር። በ1843 ክረምት ወደ ስሚዝ ቢሮ ሲገባ፣ ሰውየው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በጠመኔ አንድ መሣሪያ ይሥላል። የአሜሪካ ምክር ቤት የቴሌግራፍ ፈልሳፊው ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የሙከራ የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋ 30,000 ዶላር ፈቅዶለት ነበር። ስሚዝ ደግሞ ሽቦውን የሚይዘውን የእርሳስ ቧንቧ መሬት ውስጥ ለመቅበር በማይል 100 ዶላር ተዋውሏል። ቦዩን በርካሽ እንዴት እንደሚቆፍር ግን አላወቀም።

ኮርኔል ሥዕሉን አየና ቦይ መቆፈር፣ አፈር ማውጣትና መልሶ መሙላት ጨርሶ አያስፈልግም አለ። መሬቱን በጠባቡ የሚሰነጥቅ፣ ቧንቧውን ወደ ስንጥቁ የሚያወርድ፣ አፈሩም ራሱ ተመልሶ የሚከደንበት ማረሻ ሠራ። ማረሻ ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው ይህ የታየው። የዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሊቃውንት አፈር እንዴት እንደሚገለበጥ አያውቁም ነበር።

አሁን ብዙ ሰው እየሳቀ የሚተርከውን ክፍል ልንገራችሁ። ከባልቲሞር ተነስተው የተወሰኑ ማይሎች ከቀበሩ በኋላ ሽቦዎቹ መልእክት አያስተላልፉም፤ በቧንቧው ውስጥ መሸፈኛቸው ተበላሽቷል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ቧንቧው ይፈስሳል። ሞርስ ተጨነቀ። የመንግሥት ገንዘብ እየቀለጠ ነው፤ ጋዜጠኞች ይከታተላሉ። ሥራው ለምን እንደቆመ ሕዝብ ሳያውቅ እንዲቆም ለኮርኔል በጆሮው ነገረው። ኮርኔልም በቅሎዎቹን ገርፎ፣ የማረሻውን እጀታ ጨብጦ፣ መሣሪያውን ከዐለት ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ጋዜጦች አደጋ ደረሰ ብለው ጻፉ።

ይህ ታሪክ እንደ ብልሃት ሲወራ ደስ አይለኝም። የሕዝብ ገንዘብ ይዞ ስህተትን በተሰበረ ማረሻ መሸፈን፣ በእኔ ዘመን ቢደረግ ኖሮ በዲሲፕሊን የሚያስጠይቅ ነው። ትእዛዙ የአለቃው ቢሆንም የሰበረው እጅ የእርሱ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በዚያ የብርድ ወራት ኮርኔል ዋሽንግተን ውስጥ በፓተንት (የፈጠራ መብት) ቢሮና በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ መግነጢስ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ አነበበ። ከዚያም የተቀበረው ሽቦ ተስፋ እንደሌለው፣ በምሰሶ ላይ በአየር መዘርጋት እንዳለበት ተናገረ። ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ፕሮፌሰር ለሆነው ለሞርስ ይህን ማለት ነበረበት። እንደዚህ ያለ ድፍረት ከንባብ በኋላ ሲመጣ ይከበራል፤ ከንባብ በፊት ሲመጣ ግን፣ እናንተ ራሳችሁ በየስብሰባው ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሽቦው ከእንጨቱ ጋር በምን ይለያይ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ የእኔ ሥራ ነበርና። የሞርስ ረዳት አልፍሬድ ቬይል በሙጫ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል አለ። ኮርኔል ብርጭቆ ይሁን አለ። ሞርስ መጀመሪያ የቬይልን መረጠ፤ ከዚያ የፊዚክስ ሊቁን ፕሮፌሰር ጆሴፍ ሄንሪን አማከረና፣ ሄንሪ የኮርኔልን አጸደቀ። ምክንያቱን በመስመር ላይ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ እርጥብ ምሰሶ ላይ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ አይባልም። ነገር ግን ምሰሶዎቹ ብዙ መቶ ናቸው፤ ሁሉም በትንሽ በትንሹ ያፈስሳሉ፤ ዝናብ በጣለ ቀን በሌላው ጫፍ የሚደርስ ነገር አይኖርም። እኛ «ስኒ» የምንላትን ነጭ ሸክላ በየምሰሶው የምንሰቅለው ለዚህ ነው። የገጠር እረኞች በወንጭፍ እየመቱ ሲሰብሯት፣ በበጋ ችግሩ ሳይታወቅ ይቆይና ሐምሌ ሲገባ መስመሩ በሙሉ ይንጫጫል። አንድ መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ ጥሩ መሥራቱ በመቶ ምሰሶ ላይ መሥራቱን አያሳይም። አሁን የምትሠሩት ሶፍትዌር ቢሆንም ይህን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ አንዱ ትንሽ ጉድለት በሺህ ሲባዛ ምን ይሆናል?

በግንቦት 24 ቀን 1844 ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር ያቺን ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደች ታዋቂ መልእክት ላከ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። ለኮርኔል ቤተሰብ ግን መከራው ገና መጀመሩ ነበር።

መንግሥት ቴሌግራፉን ገዝቶ እንዲያስፋፋ ተጠየቀ፤ አልፈለገም። ባለሀብቶች ተጠየቁ፤ ሳቁ። ኮርኔል ቦስተንና ኒው ዮርክ ውስጥ መሣሪያውን በኪራይ ክፍል አቁሞ በ25 ሳንቲም መግቢያ ለሕዝብ አሳየ። የሚመጣ ሰው ጥቂት ነበርና ቁርስ መግዣ እስከማጣት ደረሰ። ከኒው ዮርክ እስከ አልባኒ፣ ከቡፋሎ እስከ ሚልዋኪ መስመር የዘረጋውም ከዚያ በኋላ ነው። ለድካሙ ሲከፈለው አብዛኛውን ጊዜ በአክሲዮን ይቀበል ነበር፤ በእጁ የገባውን ጥሬ ገንዘብም መልሶ አክሲዮን ይገዛበታል። ያ አክሲዮን በዚያን ጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር። በአንድ መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት ኩባንያ ይወዳደራል፤ በፓተንት ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ፤ ነፋስ ምሰሶ ሲጥል መጠገኛ የለም። ብዙዎች ድርሻቸውን በሚያገኙት ዋጋ ሸጠው ወጡ። እርሱ አልሸጠም።

አሁን ወደ ኢታካ ተመለሱልኝ። ፎል ክሪክ አጠገብ ኮርኔል በወጣትነቱ የሠራት ትንሽ ቤት አለች። ሜሪ አን በዚያች ቤት ልጆች ታሳድጋለች። ዘጠኝ ወልዳለች፤ አንዳንዶቹ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ባሏ ለወራት አይመጣም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ፍቅር አለ፤ ተስፋ አለ፤ ስለ መስመሮቹ ብዙ ወሬ አለ። ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ የለም። የባለሱቅ ዕዳ የምትጠየቀው እርሷ ናት። የታመመ ልጅ ይዛ የምታድረው እርሷ ናት። ሰውየው ስለ ጽናቱ ሲመሰገን እሰማለሁ፤ ይገባዋል። ጽናቱ ግን የሁለት ሰው ነበር፤ ከሁለቱ ደግሞ የትኛው መንገድ ላይ እንደነበረና የትኛው እዚያው እንደቆየ መርሳት የለብንም። መንገድ ላይ ያለው ቢያንስ በየቀኑ አዲስ ከተማና አዲስ ሰው ያያል። እኔም ለመስመር ሥራ በየክፍለ ሀገሩ ስዞር ድንኳን ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ስሥቅ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም፤ በቤት በኩል እንደዚያ ያለ ሌሊት አልነበረም።

ቤተሰቡ በሌላም በኩል ተሳትፏል። የሜሪ አን ወንድም ኦሪን ዉድ በሞርስ እጅ ከሠለጠኑት ከመጀመሪያዎቹ የቴሌግራፍ ሠራተኞች አንዱ ሆነ። የኮርኔል እህት ፌቤ በ1849 ሚቺጋን ውስጥ አልቢዮን በምትባል ከተማ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆና የመልእክት መላኪያውን ቁልፍ መምታት ጀመረች፤ በዚህ ሙያ ከተሰማሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። የበኩር ልጁ አሎንዞ በ15 ዓመቱ ወደ ቴሌግራፍ ሥራ ገባ። ዘመድ መቅጠር ዛሬ መጥፎ ስም አለው፤ በመንግሥት ቤት ሲሆን እኔም እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ደመወዙ እርግጠኛ ያልሆነ፣ ማንም የማያውቀው ሙያ ሲጀመር ከዘመድ ሌላ የሚመጣ አልነበረም። አሎንዞ ከመልእክት አስተላላፊነት ተነስቶ የዌስተርን ዩኒየን ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በኋላም ከ1880 እስከ 1882 የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ሆነ። የመጀመሪያውን ደረጃ ግን አልዘለለውም፤ ይህ ያስደስተኛል።

በሮቼስተር ከተማ ሃይረም ሲብሊ የሚባል ነጋዴ የተበታተኑትን መስመሮች እየገዛ ሲያዋህድ ቆየና በ1856 ከኮርኔል መስመሮች ጋር ተጣመረ። ዌስተርን ዩኒየን የተወለደው ያኔ ነው። ልብ በሉ፤ ኩባንያውን የገነባው የሲብሊ የንግድ ችሎታ እንጂ የኮርኔል ማረሻ ብቻ አይደለም። ኮርኔል ጥሩ ሥራ አስኪያጅ አልነበረም ማለት እችላለሁ፤ ግትር ነው፤ ከሸሪኮቹ ጋር ይጣላል። ያተረፈው የያዘውን ስላልለቀቀና እርሱ የማይችለውን የሚችል ሰው በጊዜው ስለመጣ ነው። የእናንተን ጓደኞች ይህን ጠይቋቸው፤ ሁላችሁም ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከሆናችሁ ሲብሊያችሁ ማን ነው?

በ1861 መስመሩ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አገናኘ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ደግሞ የቴሌግራፉን ገቢ አበዛው። ኮርኔል ከኩባንያው ትልልቅ ባለ አክሲዮኖች አንዱ ነበር፤ በ1864 የዓመቱ ገቢው ከ100,000 ዶላር እንደሚበልጥና ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ይህን ገንዘብ ለድሆችና ለመጪው ትውልድ እንዴት እንደሚያውለው መሆኑን በማስታወሻው ጻፈ። ዕድሜው 57 ነው። ስሚዝ ቢሮ ውስጥ ጠመኔውን ካየበት ቀን 21 ዓመት አልፏል። አክሲዮን ይሰጡናል ስትሉኝ ይህን ቁጥር አስቡት። እናንተ ሁለት ዓመት ነው የምትሉኝ።

ለኢታካ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። በ1865 በኒው ዮርክ ምክር ቤት ባልደረባው ከነበረው ከአንድሩ ዲክሰን ዋይት ጋር ዩኒቨርሲቲ መሠረተ፤ 500,000 ዶላርና የእርሻ መሬቱን ሰጠ። ማንም ሰው ማንኛውንም ትምህርት የሚያገኝበት ተቋም እፈልጋለሁ አለ። የፌዴራሉ መንግሥት ለኮሌጅ ማቋቋሚያ የሰጠውን የመሬት ሰነድ ሌሎች ክፍላተ ሀገራት በርካሽ ሲቸበችቡት፣ እርሱ የኒው ዮርክን ገዝቶ ዊስኮንሲን ውስጥ በጥድ ደን ላይ አዋለውና ዋጋው እስኪወጣ ግብሩን እየከፈለ ያዘ። እንደ አክሲዮኑ መሆኑ ነው። በዚህ መካከል መሬቱን ለራሱ ሊዘርፍ ነው ተብሎ ተከሰሰ፤ ራሱ ምርመራ ጠየቀ፤ ምርመራውም ነጻ አወጣው። ከደኑ ዩኒቨርሲቲው በመጨረሻ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ ኮርኔል ግን በታኅሣሥ 1874 ሞቶ ስለነበር አላየውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በባቡር ሐዲድ ሥራ ብዙ ገንዘብ ከስሯል። ሽቦን ያወቀ ሁሉ ሐዲድ አያውቅም።

በ1867 ገና ሕፃን ለነበረች የልጅ ልጁ ለዩኒስ ደብዳቤ ጽፏል። ሴት ልጆችም እንደ ወንዶቹ በዩኒቨርሲቲው ተምረው ዐዋቂና ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ እንዲሆኑ እንደሚፈልግ ይነግራታል፤ ደብዳቤውን አስቀምጣ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትና መምህራን እንድታሳያቸውም ያሳስባታል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ተቀበለ። ይህ ሐሳብ ከየት መጣለት እያልኩ አስባለሁ። ኩዌከሮች ሴት ልጅ ማስተማርን አይቃወሙም፤ ከዚያ ሊሆን ይችላል። እህቱ ፌቤ ቁልፍ ስትመታ ማየቱም ይኖራል። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት በፎል ክሪክ ቤት ሒሳብ ስታብቃቃ የኖረችውን ሴት ያሰበ ይመስለኛል። ሜሪ አን ከእርሱ በኋላ እስከ 1891 ኖራለች።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ሽቦ ሲዘረጋ ምሰሶ የተሸከሙትን፣ ጉድጓድ የቆፈሩትንና እነርሱ በሌሉበት ቤት የጠበቁትን ሰዎች ስም የሚያውቅ የለም። የንጉሠ ነገሥቱንና የአማካሪዎቻቸውን ስም እናውቃለን። መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ሜዳሊያ ሲሰጥ የመስመር ሠራተኞች ሚስቶች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አያለሁ፤ ወደ መድረኩ ሲጠሩ ግን አላየሁም።

ስለዚህ «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። ሥራውን በእጃችሁ የምታውቁት ከሆነ፣ ሽያጭና ሒሳብ የሚችል ሰው መካከላችሁ ካለ፣ አክሲዮኑ በቃል ሳይሆን በተመዘገበ ውል ከተሰጣችሁ፣ ግቡ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ወረቀት አውጡና የቤት ኪራይ፣ የእህል፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የእናት አባት ድጎማ ጻፉበት። ያለ ደመወዝ ስንት ወር እንደምትቆዩ አስሉ። ወረቀቱን ለባለቤታችሁ፣ ካላገባችሁም የምትረዷቸው ወላጆቻችሁ ፊት አስቀምጡት። ቁጥሩን ሲያዩ የሚናገሩትን ሳታቋርጡ አድምጡ፤ የመጨረሻውን ወር እነርሱ ይወስኑ። ያ ወር ሲደርስ ሥራው በእግሩ ካልቆመ ደመወዝ ወዳለበት ትመለሳላችሁ፤ ይህንንም በውሉ ላይ አስገቡት። ከአክሲዮናችሁ ላይ የተወሰነውን በባለቤታችሁ ስም አስመዝግቡ። ሕጋችን ይፈቅዳል፤ ጸሐፊው ቢያንገራግር ውሉን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ።